የአዲስ አበባ ዝናብ በሁለት ወቄት ብር

(ለሥነ ጥበብ ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ጨምሬያለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ። ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደ ጨዋታችን ከመግባታችን በፊት ይህን ሐብል ከፊት ወንበር ጀምራችሁ ተቀባበሉት። አትፍሩት። ጨብጡት፣ አንገታችሁ ላይም አድርጉት። ስታደርጉት ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። ማጋደል ስላለበት ነው።

ሐብሉ ላይ 12 የብር ዶቃዎች አሉ። እያንዳንዱ ዶቃ የአንድ ወር የአዲስ አበባ ዝናብ ነው። ብዙ የሚዘንብበት ወር ዶቃው ከባድ ነው። የማይዘንብበት ወር ዶቃው ቀላል ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሚዛን ላይ ሲወጡ 2 ወቄት ይሆናሉ። የዓመቱን ዝናባችንን በ2 ወቄት ብር አንገታችሁ ላይ አደረጋችሁት ማለት ነው።

እኔ አንጥረኛ ነኝ። መስቀል፣ ጉትቻ፣ የሠርግ ቀለበት እሠራለሁ። ከዚያ ጎን ለጎን ከአካባቢ ዳታ፣ ማለትም ከዝናብ፣ ከአየር ብናኝ፣ ከሐይቅ ስፋት ተነስቼ የሚለበስ ነገር እሠራለሁ። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ስትጀምሩ ቁጥሩ ወደ ብር የሚቀየርበትን ደንብ መጀመሪያ ቁረጡ። አንዴ ከቆረጣችሁ በኋላ አትነካኩት። ዶቃው አማረም አላማረም ደንቡ ያለውን ይሁን። ደንቡን ለውበት ብላችሁ አንድ ቦታ ላይ ካጠፋችሁት እጃችሁ ላይ የቀረው ተራ ሐብል ነው። ተራ ሐብል ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን ዝናብ ነው ብላችሁ አትሽጡት።

ግራፍ እያለ ለምን ጌጥ ትሉኝ ይሆናል። ግራፍ ታያላችሁ፣ ትረሱታላችሁ። ጌጥ ግን ገላ ላይ ይውላል። ደግሞም እኛ አገር ጌጥ ዝም ብሎ ማማሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ማተቡ ሃይማኖትህን ይናገራል። ክታቡ በውስጡ ጽሑፍ ይዟል። ድሮ ብር ሠሪዎቻችን አብዛኛውን ብር የሚያገኙት የማርያ ትሬዛን ብር እያቀለጡ ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከወቄታችን ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሐብሉን 2 ወቄት ያደረግሁት ለዚህ ነው። የከተማችን የዓመት ዝናብ በሁለት ማርያ ትሬዛ ልክ ይሁን አልኩ። ደንቤ ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እናድርግ፤ ቀላል ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። የአዲስ አበባ የረጅም ጊዜ አማካይ በዓመት 1,165 ሚሊ ሜትር ነው። ጁላይ 280፣ ኦገስት 290። ኖቬምበር 7፣ ዲሴምበርም 7። የፈረንጆቹን ወር የምጠራው የአማካዩ ሠንጠረዥ በእነሱ ወር ስለተሠራ ነው፤ ወደ እኛ ወር በኋላ እንመጣለን። ልብ በሉ፣ በሁለት ወር ውስጥ የዓመቱ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። 56 ግራም ብርን ለ1,165 ስናካፍለው ለአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 48 ሚሊ ግራም ብር ይደርሰዋል። ኦገስት ወደ 14 ግራም ይመጣል። ኖቬምበር የአንድ ግራም ሢሶ ያህል ናት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ የዶቃውን ስፋት ከዝናቡ ጋር ማስተካከል ነው። እስቲ እናስበው። የኖቬምበር ዶቃ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኦገስት 41 እጥፍ ስለሚበልጥ ከ16 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል የለም። ገልብጠን ኦገስትን 14 ሚሊ ሜትር ብናደርገው ደግሞ ኖቬምበር ክር የማይገባባት ነቁጥ ትሆናለች።

በክብደት ስንሄድ ግን ነገሩ ይስተካከላል። ኦገስት ወደ 14 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ኖቬምበር ወደ 4። ሁለቱም ለመብሳት ይመቻሉ፣ ሁለቱም ክር ላይ ይገባሉ። ዓይን ሲያያቸው ልዩነታቸው 3 ጊዜ ተኩል ያህል ነው። እጅ ሲመዝናቸው 41 ጊዜ ነው። እኔ ይህን ነገር ሳስበው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ዓይን የማያገኘውን እጅ ያገኘዋል። ሥዕልም ግራፍም ይህን ማድረግ አይችሉም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሥራ ኤግዚቢሽን ላይ ስታቀርቡ መስታወት ውስጥ አትቆልፉት። መስታወት ውስጥ ከገባ ግማሹ ሥራ ጠፋ። ያንን ሐብል ያስተላለፍኩላችሁ ለዚህ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። የበጋ ወራት ዶቃዎች ከሰል ላይ ነው የሚሠሩት። ቁርጥራጭ ብር በትንሿ ዲጂታል ሚዛን እመዝናለሁ። ከሰሉ ላይ በመሰርሰሪያ ትንሽ ጎድጓዳ አወጣለሁ፣ ብሩ ጠርቶ እንዲቀልጥ የሚረዳውን ቦራክስ የሚባል ነጭ ዱቄት እነሰንሳለሁ፣ ብሩን በወረንጦ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ነበልባሉን አወርድበታለሁ። ንጹህ ብር 961 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ እኔ የምጠቀምበት 925ቱ፣ ማለትም ከሺህ 925 እጁ ንጹህ ብር የሆነው፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ጠርዞቹ ይቀላሉ። ቀጥሎ ቁርጥራጮቹ ይሳሳቡና ድንገት አንድ ይሆናሉ። ማንም ሳይነካው ራሱ ይድቦለቦላል። ከነበልባሉ ስር ሲንቀጠቀጥ ታዩታላችሁ። የኖቬምበር ዝናብ ማለት ያ ነው። የክረምቱ ዶቃዎች ግን እንዲህ አይሆኑም። ብሩ ሲበዛ በራሱ ክብደት ታቹ ጠፍጠፍ ይላል። እነዚያን በሰም ቅርጽ አውጥቼ አፈስሳቸዋለሁ።

ከዚያ መብሳት ይመጣል። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። እኔ የምበሳው ቀዳዳ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ከኦገስት ዶቃ ላይ የሚወጣው ብር ከመቶ አንድ ያህል ነው፤ አይታወቅም። ከኖቬምበር ዶቃ ላይ ግን ከመቶ 14 ያህሉን ይወስዳል! አንድ ዓይነት ቀዳዳ፣ አንድ ዓይነት መሰርሰሪያ፣ ግን ክረምቱን ሳይነካ በጋውን ይበላዋል። ስለዚህ ቀዳዳው የሚወስደውን አስቀድሜ አስልቼ ከማቅለጤ በፊት እጨምርበታለሁ። ተበስቶ፣ ተሞርዶ፣ ተወልውሎ ሲያልቅ እንደገና ሚዛን ላይ ይወጣል። ትክክል ካልመጣ ወደ ከሰሉ ይመለሳል። ማንም አያየውም ትሉ ይሆናል። እኔ አየዋለሁ።

ወደ እኛ ወር ልመለስ። በዕለት የተመዘገበ ዝናብ ካላችሁ በፈለጋችሁት ዘመን አቆጣጠር መደመር ትችላላችሁ። እኔ አሁን ከሁሉ የምወደው በእኛ የሚሠራውን ነው። 13 ዶቃ ይወጣዋል። ከመስከረም ሲነሳ ዝናቡ እያነሰ ይሄዳል፣ በጋውን ያልፋል፣ በልግ ላይ ትንሽ ያብጣል፣ ከዚያ ከባዱ ክረምት መጨረሻ ላይ ይከመራል። ከባዶቹ ዶቃዎች ማያያዣው አጠገብ ስለሚሆኑ ሐብሉ አንገት ላይ ራሱ ይዞርና ማያያዣው ፊት ለፊት ይመጣል። እኔም አልደበቅሁትም። ነሐሴና ጳጉሜን ካለቁ በኋላ፣ መስከረም ሳይጀምር፣ የእንቁጣጣሽ ቦታ እሱ ነው። አደይ አበባ ቀርጬበታለሁ። በሥራው ላይ ዳታ ያልሆነ ጌጥ ያ ብቻ ነው።

ጳጉሜንን ደግሞ እዩልኝ። አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ዶቃዋ ኢምንት ትሆናለች ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። የሴፕቴምበር አማካይ 149 ሚሊ ሜትር ነው፣ በቀን 5 ገደማ። በዚህ ብቻ ብናሰላ እንኳ አምስቱ ቀን ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይይዛሉ። ኖቬምበርን፣ ዲሴምበርንና ጃንዋሪን ብትደምሩ 27 ነው። አምስት የጳጉሜን ቀናት ሦስት የበጋ ወራትን ያህላሉ ማለት ነው። ጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ ልጆች ሆነን እየዘለልን የተጠመቅን ሰዎች ይህን ዶቃ ሲይዙ ፊታቸው ይበራል። የሚያውቁት ነገር ነው፤ ክብደቱን ግን ይዘውት አያውቁም ነበር።

ይህን መንገድ እኔ አልጀመርኩትም። አውስትራሊያዊው ሚቼል ዋይትሎው እ.ኤ.አ. በ2009 የካንቤራን የአንድ ዓመት የአየር ሁኔታ አምባር አድርጎ በ3ዲ ማተሚያ አውጥቶታል። ሙቀቱ ቅርጹን ሰጠው፣ ዝናቡ ቀዳዳ ሆነ። ስቴፋኒ ፖሳቬክና ሚሪያም ኩዊክ ደግሞ ከእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ የአየር ብናኝ መረጃ ሐብሎች ሠርተዋል። አየሩ ሲቆሽሽ የሐብሉ ቁራጭ ይተልቃል፣ ሾሎም ይወጋል። ይህ በጣም ብልህ ሥራ ነው። ቆሻሻ አየር የሚያምር ጌጥ እንዲሆን አልፈቀዱለትም። የለበሰው ሰው አንገቱን ሲኮሰኩሰው የትኛው ቀን እንደነበር ያውቃል። ሆላንዳዊው ዳን ሩዘጋርደ ከተማ አየር ውስጥ የተሰበሰበ ጥቀርሻ ጨምቆ ቀለበት ላይ አድርጎታል፤ አንዱ ቀለበት ከ1,000 ሜትር ኩብ አየር የወጣ ነው ይባላል። እሱንም አከብረዋለሁ፣ ግን መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ቀለበቱ ላይ ያለው ጥቀርሻው ራሱ ነው። እኛ የምንሠራው ልኬቱን ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ሙቀትስ? ሙቀት በክብደት አይሠራም። ዜሮ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ዝናብ የለም ማለት ነው። ዜሮ ዲግሪ ማለት ግን ሙቀት የለም ማለት አይደለም። 20 ዲግሪም የ10 ዲግሪ እጥፍ አይደለም። ስለዚህ ሙቀትን በክብደት የሠራ ሰው ሳያውቅ ይዋሻል። ለሙቀት ቀለም ይሻላል። እንግሊዛዊው የአየር ንብረት ሳይንቲስት ኤድ ሆኪንስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣቸው ሰማያዊና ቀይ መስመሮች እንዲያ ናቸው። አንድ ዓመት አንድ መስመር። የቴሌቪዥን የአየር ትንበያ አቅራቢዎች ከረባትና ጉትቻ አድርገው ለብሰዋቸዋል።

አሁን ስለ ጠፋ ዳታ። እኛ አገር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በጦርነትና በችግር ጊዜ ብዙ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች መመዝገብ ያቋርጣሉ። ወረቀቱ ላይ ክፍት ቦታ ታያላችሁ። ያ ክፍት ቦታ ዜሮ አይደለም። ዘንቦ ሊሆን ይችላል፤ የለካው ሰው ነው የሌለው። በእኔ ሥራ ምንም ያልዘነበበት ወር በክሩ ላይ ቋጠሮ ነው። ያልተለካ ወር ግን ጥቁር የቀንድ ቀለበት ይገባበታል። ከአዲስ አበባ የአየር ብናኝ የምሠራው ሐብል መጨረሻው ቀንድ ነው። ለዓመታት የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ የየሰዓቱን የብናኝ መጠን ለሕዝብ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካ መንግሥት በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቹ ይህን መረጃ ማውጣት አቆመ። አየሩ አልጠራም። ቁጥሩ ነው የቆመው። ሐብሉ ይህንን መናገር አለበት።

ለዝናብ ሌላ መንገድ አለ። ቺርፕስ የሚባል ዳታ አለ። ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባለሙያዎች ያዘጋጁታል። ሳተላይት ያየውን የደመና ሙቀት ከጣቢያዎች ልኬት ጋር አዋህዶ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ዝናቡን ይገምታል። እ.ኤ.አ. ከ1981 መጀመሪያ ጀምሮ በየዕለቱ አለ፣ ነፃም ነው። ግምት መሆኑን ለደንበኛ መንገር ግን ግዴታ ነው። በተለይ ተራራማ ቦታ ላይ ሊስት ይችላል።

ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ የሚያዙኝ ይህንን ነው። የተወለዱበት ዓመት ዝናብ፣ የተወለዱበት አካባቢ። አንዲት እህት ከዋሽንግተን አካባቢ ደወለችልኝ። የተወለደችው ደብረ ብርሃን አካባቢ በ1976 ዓ.ም. ነው። አምባር ሠራሁላት። ከመላኬ በፊት ፎቶ ላክሁላት። «ሁሉም ያምራል፣ ግን እዚህ ጋ ያሉት በጣም ደቀቁብኝ። ትንሽ ከፍ ታደርጋቸው?» አለችኝ። «ከፈለግሽ ሁሉንም እጥፍ ላድርግልሽ እችላለሁ፤ እነሱን ብቻ ለይቼ ግን አላሳድግም» አልኳት። «ለምን?» አለች። «እነዚህ የበልግ ወራት ናቸው። የ1976 በልግ ነው» አልኳት።

የሰሜን ሸዋ ደጋ በልግ አብቃይ ነው። የ1976 በልግ ቀረ፣ ቀጥሎ ክረምቱም አልሆነም። የ77ን ድርቅ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በዚያ አምባር ላይ ድርቁ የሚጀምረው ከእነዚያ ከደቀቁት ዶቃዎች ነው። እሷ ይህን ስትሰማ እናቷ ነፍሰ ጡር ሆና ስለነበረችበት ጊዜ የነገረቻትን አጫወተችኝ። ከዚያ «እንዳትነካቸው» አለችኝ። አምባሩ እንዳለ ሄደ።

ይህ ወደ አንድ ከባድ ጥያቄ ይወስደናል። ከድርቅ ጌጥ ይሠራል ወይ? እኛ ዘንድ ሐዘን ሲመጣ ጌጥ ይወልቃል። አዘንተኛ ሴት ጉትቻዋን አውልቃ ነው የምትቀመጠው። ታዲያ የሰው መከራ ያለበትን ዓመት በብር መሥራት ነውር አይሆንም? እኔ ብዙ አስቤበታለሁ። የደረስኩበት ይህ ነው። የድርቅ ዓመት ሥራ ለገበያ አላወጣም። ሰውዬው ራሱ ዓመቱ የእኔ ነው ብሎ ሲመጣ ብቻ እሠራለሁ። ወርቅም አልቀባውም፣ ፈርጥም አልጨምርበትም። በጥንድ ነው የምሠራው። አንዱ አምባር የአካባቢው የ30 ዓመት አማካይ ነው፣ ሌላው ያ ዓመት። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ እጅ ይደረጋል። አንደኛው እጅ ይከብዳል፣ ሌላኛው ይቀላል። ጌጡ ያለው ልዩነቱ ላይ ነው። ሰው ቡና ሲቀዳ፣ መሪ ሲይዝ፣ ያንን ልዩነት እጁ ላይ ያገኘዋል። በዚህ መልኩ ከሆነ ነውር አይደለም እላለሁ። የማይስማማኝ ሰው ካለ ልሰማው ዝግጁ ነኝ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ላንሳ።

አንዷ ተማሪ «ለባሹ ደንቡን ካላወቀው ጌጡ ምን ይረባዋል?» አለችኝ። ትክክል ናት። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር ትንሽ የብር ሰሌዳ የምሰጠው። ማያያዣው ላይ ትንጠለጠላለች። በእሷ ላይ የቦታው ስም፣ ዓመቱ፣ ዳታው ከጣቢያ ይሁን ከሳተላይት፣ ደግሞም አንድ ሚሊ ሜትር ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ ተቀርጿል። ወረቀት ይጠፋል፣ እሷ ግን ከሐብሉ ጋር ትሄዳለች። የልጅ ልጅ ሚዛን ላይ አውጥቶ ዝናቡን መልሶ ማስላት ይችላል። የክብደት ደንብ መልካምነቱ ይህ ነው፤ ወደ ኋላም ይነበባል።

ሌላው ልጅ «ብር የምገዛበት የለኝም፣ ከምን ልጀምር?» አለ። ብር አያስፈልግህም። ጨሌና ክር ይበቃሃል። ለእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሜትር አንድ ጨሌ በል፣ ያልዘነበበት ቀን ቋጠሮ፣ ያልለካህበት ቀን ሌላ ቀለም ክር። ዳታውንም ራስህ ልትሰበስበው ትችላለህ። አፉና ታቹ እኩል ስፋት ያለው ጣሳ ፈልግ። ከዛፍና ከቤት ጣራ ራቅ አድርገህ ሜዳ ላይ አስቀምጠው፣ ነፋስ እንዳይጥለው ድንጋይ ከበው። ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስመሪያ አስገብተህ ውሃው ስንት ሚሊ ሜትር እንደደረሰ ጻፍ። የጣሳው ስፋት ችግር የለውም፤ ጎኑ ቀጥ ያለ እስከሆነ ድረስ ጥልቀቱ ራሱ የዝናቡ ልክ ነው። ጽፈህ ስትጨርስ ውሃውን መድፋት እንዳትረሳ። አለዚያ የዛሬው በነገው ላይ ይደመርብሃል።